ዋሽቼ ያስተማርኋት ሴት

ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን! ጌታ ያደረገልኝን በሆዴ ይዤ መቀመጥ ስላቃተኝ ቆሜያለሁ። ታገሡኝ፤ ሰው ፊት ማውራት አልለመድሁም።

የንግግር ሕክምና ባለሙያ ነኝ። ትምህርቴን ጨርሼ ፍኖተ ሰላም አንድ ክሊኒክ ስቀጠር በሙያው ብቻዬን ነበርሁ። የምጠይቀው ሰው የለም። ምሳዬን በሬን ዘግቼ እበላለሁ። አንዳንድ ቀን ከታካሚ በቀር ስሜን የሚጠራኝ ሳይኖር ይመሻል። ጸሎትም አላውቅም ነበር።

ከቡሬ ገጠር ከበቡሽ የምትባል እኩያዬ መጣች። ስትወለድ ጀምሮ የተሰነጠቀው ላንቃዋ በቀዶ ሕክምና ተሰፍቶ ድኗል፤ ግን «ከ»ን «ተ» ትላለች። ስሟን ስትጠየቅ «ተበቡሽ» ትላለች፤ ሰው ይስቃል። ስለዚህ ገበያ እንኳ በጣቷ እያሳየች ነው የምትገዛው። በመጽሐፍ ያነበብሁትን ሁሉ ሞከርሁ፤ እጄ ግን ሥራውን አያውቅም። በአራተኛው ሳምንት «እቱ፣ አሁንስ አልሁት?» አለችኝ። አፍሬ «አዎ፣ ጥሩ ነው» አልኋት። ዋሸሁ፣ ወገኖቼ!

በሳምንቱ መጣች፤ አልተቀመጠችም።

«ልጄን ትምህርት ቤት ላስመዘግብ ሄጄ ስሜን አፌን ሞልቼ ተናገርሁ። የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ልጄ እጄን ለቀቀች። አንቺን አምኜ ነበር» ብላ ወጣች።

በሬን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። «ጌታ ሆይ፣ ካለህ ስማኝ፤ ሥራዬን አላውቀውም፣ ሰውም የለኝም» አልሁ። ድምፅ አልሰማሁም። ግን እፍረቱ ከላዬ ወረደ። ስሙ ይባረክ! መስተዋት ፊት ተቀምጬ ምላስ የምንጫንበትን ጠፍጣፋ እንጨት የራሴ አፍ ውስጥ ከተትሁ። የምላሴን ጫፍ በእንጨቱ ወደ ታች ይዤ «ተ» ልል ስሞክር፣ ከኋላ የምላሴ ሥር ተነሣና «ከ» ወጣ! ሃሌሉያ!

መናኸሪያ ሮጥሁ። ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አገኘኋት።

«ዋሽቼሻለሁ፤ አልቻልሁበትም ነበር። ይቅር በይኝ» አልኋት። ተሳፋሪው ሁሉ ያየናል።

«ያን ዕለት እንዲህ ብትይኝ አብረን እንማር ነበር» ብላ ወረደች።

በዚያ እሑድ ነው ይህን በር ገፍቼ የገባሁት፤ «ነይ እህቴ» ብላችሁ ወንበር ለቀቃችሁልኝ።

መጀመሪያ በእንጨቱ፣ ኋላ ያለ እንጨቱ፣ ከድምፅ ወደ ቃል ወራት ፈጀብን። አንድ ቀን ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቱ «እማ፣ በያ ንገሪያት» አለቻት። ከበቡሽ ስሟን ጠራች፤ አልተሳሳተችም። ልጅቱ እጇን ያዘቻት። ክብር ለእርሱ ይሁን!

ዛሬም በሙያዬ ብቻዬን ነኝ። ብቸኝነቱ ጨርሶ ሄደ ብዬ አልዋሻችሁም፤ የሚከብድ ቀን አለ። ግን የምነግረው ጌታ አገኘሁ፤ አመሰግነዋለሁ። ከእናንተ መካከል የማይችለውን እችላለሁ እያለ የደከመ ካለ፣ እውነቱን ለእርሱ ይንገረው። ታመኑት ወገኖቼ፤ እርሱ አያፍርብንም።