አጭሯ ጥሩምባ

ነገሩ በጠቅላላው ዘጠና አራት ሺህ ብር ፈጅቶብኛል። ማጉያው፣ አምስቱ ስፒከሮች፣ መሬት ላይ ተቀምጦ የሚያጉረመርመው ሱብዉፈር፣ ሽቦው፣ ከአዲስ አበባ አሶሳ ድረስ የተጫነበት ሒሳብ፣ ሁሉም ተደምሮ ማለት ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ከሰው ጋር በዋጋ ስከራከር የኖርኩ ነጋዴ ነኝ። ለዚህ ዕቃ ግን አንድ ብር እንኳ አላስቀነስኩም። ሻጩ ራሱ ደንግጦ፣ ዕቃው የተበላሸ ይሆን እንዴ ብሎ ነው መሰለኝ፣ ደግሞ ከፍቶ ፈተሸልኝ።

ልጄ አብዱ ባለፈው ዒድ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ «አባዬ፣ ቤቱ ጭር ይላል» ብሎኝ ነበር። እናቱ ካረፈች ወዲህ ጭር ማለቱን እኔም አላጣሁትም። ግን የራስን ቁስል ሌላ ሰው ሲነካው የበለጠ ያማል። የልጅ ልጄ ሂክማ ፊልም ትወዳለች። ቤቴን ሲኒማ ካደረግሁት ልጅቱ አልሄድም ትላለች፣ ልጅቱ ካልሄደች እናትና አባቷም አይሄዱም ብዬ አሰላሁ። በንግድ ቋንቋ ይህ ማባበያ ይባላል። ስኳር ለሚገዛ ክብሪት መመረቅ ማለት ነው።

አብዱ በስልክ እየመራኝ እኔው ገጠምኩት። ቀዩን ሽቦ ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር፤ ሁለቱን ስፒከሮች ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ፣ አንዱን ከሥሩ፣ ሁለቱን ደግሞ ከኋላ ግድግዳው ላይ። ሱብዉፈሩን ጥግ ላይ ሳስቀምጠው ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። መቼም በዚህ ቤት እኔን የሚቀበል ድምፅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ከዕቃው ጋር የመጣው መጽሐፍ ላይ አንድ ሥዕል አለ፤ ስፒከሮቹ ክብ ሠርተው፣ መሃል ላይ አንድ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ፊት የሌለው ሰው። አብዱ፣ «እሱ አንተ ነህ፤ መሃል ቁጭ በልና ፈትሸው» አለኝ።

ቁጭ ብዬ ፈተሽኩት። ዕቃው ራሱን ሲፈትሽ ሁሉንም አንድ ላይ አያስጮህም። የግራው ስፒከር ድምፅ ያሰማና ዝም ይላል። ቀጥሎ የመሃሉ፣ ቀጥሎ የቀኙ፣ እያለ በጀርባዬ ዞሮ ይመጣል። እያንዳንዱ የራሱን አንዲት ድምፅ ሰጥቶ ለሚቀጥለው ይለቃል። ይህን አሠራር አውቀዋለሁ፤ ያወቅሁት ግን ከሽቦ አይደለም።

ልጅ እያለሁ፣ ክልሉ ገና አዲስ ሆኖ፣ አሶሳም ዋና ከተማ መባሏን ራሷ በደንብ ሳታምን፣ እኔና አባቴ ከገበያው ጀርባ በሽመል ተማግራ በጭቃ በተለሰነች ቤት እንኖር ነበር። ያኔ ቢሮ የሚለው ቃል ከጠረጴዛው ቀድሞ ነበር የደረሰው። ከመሃል አገር ተመድበው የመጡ ሠራተኞች ከሰፈራችን ወንበር ተውሰው ሲሄዱ አይቻለሁ፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው በኋላ ባለሥልጣን ስለሆነ መልስልን የሚለው ጠፋ። አባቴ በድርቁ ጊዜ ከወሎ ከመጡት ሰፋሪዎች አንዱ ነው። እናቴን እዚያው ቀብሮ፣ እኔን አዝሎ መጣ። በገበያው ዳር ጨው፣ ላምባ፣ ባትሪና በኩርሙክ በኩል የሚገባ የሱዳን ሳሙና የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ላምባና ሳሙና የተቀላቀለበት ሽታ ለኔ ዛሬም አባቴ ማለት ነው። ቃልን እንደ ስኳር መዝኖ የሚያወጣ ሰው ነበር፤ ሚዛኑም ሁልጊዜ ትንሽ ያጎድል ነበር።

በትምህርት ቤት የወሎ ልጅ ከወሎ ልጅ፣ የአገሬው የበርታ ልጅ ከበርታ ልጅ ጋር ነበር ኳስ የሚጫወተው። እኔ ከክፍል ስወጣ ሱቅ ስለምጠብቅ ከሁለቱም ቡድን አልነበርኩም። ኳሱ ወደ ሱቃችን ሲንከባለል መልሼ እመታለሁ፤ ጨዋታዬ ይኸው ነበር።

ጎረቤታችን አባ እድሪስ የሚባሉ የበርታ ሽማግሌ ነበሩ። ግቢያቸው ውስጥ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ማንጎው ሲበስል ጣፋጭ ሽታው አጥር አያግደውም። ቤታቸው ጣራ ሥር ደግሞ ቅል ከቅል እየተጋጠመ በሽመል ስንጥቅ የታሰሩ ጥሩምባዎች ተሰቅለው ይኖራሉ። ረጅሙ ከሰው ይረዝማል፤ አጭሯ ክንድ ብታክል ነው። በርታዎች ዋዛ ይሏቸዋል። ማሽላው ታጭዶ እስኪገባ ድረስ ማንም አይነካቸውም። አዝመራው ሲገባ አባ እድሪስ ያወርዷቸዋል፣ ውሃ ያጠጧቸዋል፣ ወንዶቹም ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ ጥሩምባ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ዘፈኑ የሚወጣው ሁሉም በየተራው የራሱን ሲጥል ነው። ከመጀመራቸው በፊት አባ እድሪስ በጣታቸው እየጠቆሙ አንድ በአንድ ያስነፏቸዋል፤ ከረጅሙ እስከ አጭሯ።

አጭሯን የሚነፋው የእህታቸው ልጅ ሐሚድ ነበር። በዚያ ዓመት ሐሚድ ወርቅ ላጥብ ብሎ መንጌ ወረደና በአዝመራው ሳይመለስ ቀረ። እኔ እንደ ልማዴ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ እያየሁ ነበር። አባ እድሪስ ወደ አጥሩ ዞረው፣ «አንተ የሱቅ ልጅ፣ አፍ አለህ?» አሉኝ። አለኝ አልኩ። «ጆሮስ?» እሱም አለኝ አልኩ። አጭሯን ሰጡኝ።

ለካ ሥራው ከመንፋት ይልቅ መጠበቅ ኖሯል። ሌሎቹ ሁሉ እስኪያልፉ ትጠብቃለህ፣ ከአባ እድሪስ ድምፅ ቀጥሎ አንዲት «ፒፕ» ታደርጋለህ፣ ደግሞ ትጠብቃለህ። ከዘገየህ ዘፈኑ ቀዳዳ ያወጣል፤ ሁሉም ዞሮ ያይሃል። በቤት ልለማመድ ስላቸው ሳቁብኝ፤ ብቻውን የሚነፋ የለም አሉ። ያን ሰሞን ሱቅ ቁጭ ብዬ ለደንበኛ ላምባ ስቀዳ እንኳ በልቤ ተራዬን እጠብቅ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እኔ ከሌለሁ የሚጎድል ነገር ነበረ።

በዚያው ሰሞን የክልሉ በዓል ሊከበር ነው ተባለና አባ እድሪስ ከነሰዎቻቸው ተጠሩ። አባቴ እንዲመጣ ለመንኩት። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ ከሱቅ ሆኜ እሰማለሁ፣ ድምፅ ማጉያውን ገበያ ድረስ እየሰቀሉት ነው አለ። እውነቱን ነበር። ጄኔሬተር ቆሞ፣ ሽቦው በሽመል ምሰሶ ላይ ተዘርግቶ፣ አንዱ ድምፅ ማጉያ ልክ ከሱቃችን ፊት ተሰቅሏል። እኔም ይኸው ይሰማኛል ብዬ ተጽናናሁ።

ተራችን ሲደርስ አዘጋጁ፣ ተመድቦ ከመጣ ወር እንኳ ያልሞላው ወጣት፣ ሰዓቱን እያየ መጣ። የባለሥልጣናቱ ንግግር በጣም ረዝሞበት ነበር። መድረኩ ሁላችንንም አይችልም፣ ማይኩም አንድ ነው አለ። «አባቴ፣ ከእናንተ ጎበዙ አንድ ሰው ይውጣና ይንፋልን» አላቸው።

አባ እድሪስ ጥሩምባቸውን አዩት፤ እኛን አዩን። «እኔ ብቻ አንድ ቃል ነው» አሉት። «ሌላው ቃል እነሱ ጋር ነው።»

«ግድ የለም፣ አንዱ ቃል ይበቃል።»

አባ እድሪስ ከመንግሥት ጋር የሚከራከሩ ሰው አልነበሩም። ወጡ። እኛ መድረኩ ሥር እንደ ተረሳ ዕቃ ቆመን ቀረን። ማይኩ ፊት ቆመው አንዴ ነፉና አቆሙ። አዘጋጁ በእጁ ይቀጥሉ ይቀጥሉ ይላል። እሳቸው ግን ወደ እኛ ነበር የሚያዩት። የሚጠብቁት ተራ ነበር፤ ከሳቸው ቀጥሎ ያለው ደግሞ የእኔ ነው። ነፋሁ። ከኔ ቀጥሎ ረጅሙ ጥሩምባ ተቀበለኝ፣ ከዚያ ሌላው፣ ሌላው፣ ዞሮ እሳቸው ዘንድ ወጣ። ዘፈኑ ከመድረክና ከመሬት ተያይዞ ሄደ። ፊት የነበሩት ሰዎች ማጨብጨብ ጀመሩ። አዘጋጁም ነገሩ የሱ ዕቅድ እንደሆነ ሁሉ አብሮ አጨበጨበ።

ወደ ሱቅ የሮጥኩበትን እግር ዛሬ ቢሸጡልኝ እገዛዋለሁ። አባቴ ጨው እየሰፈረ ነበር። ሰማህ ወይ አልኩት።

«አንድ ሽማግሌ ብቻውን እንደ ጠፋ በሬ ሲያገሳ ሰማሁ» አለ። «አንዴ ያገሳና ዝም፣ አንዴ ያገሳና ዝም። አንተ የት ነበርክ?»

«እዚያ ዝም ያለበት ቦታ ላይ ነበርኩ» አልኩት።

ማይኩ የያዘው የአባ እድሪስን ብቻ ነው፤ የኛ ድምፅ ከሜዳው አልወጣም። አባቴ መስፈሩን አቁሞ ትንሽ አየኝ። ፊቴ ላይ ያየውን አላውቅም። «በሚመጣው አዝመራ ሱቁን ዘግቼ እመጣለሁ» አለ።

ያን ዓመት ሙሉ ያን ቃል ይዤ ኖርኩ። አዝመራው ደረሰ። ሐሚድም ደረሰ፤ ከመንጌ ከስቶ፣ ወርቅ ሳይሆን ወባ ይዞ። አባ እድሪስ አጭሯን ሲያወርዱ እጄን ዘርግቼ ነበር፤ በትከሻዬ ላይ አሳልፈው ለሱ ሰጡት። ማንም አልበደለኝም። ቦታው የሱ ነበር፤ እኔ የጠበቅሁለት ነኝ። ለአባቴ ልነግረው አስቤ ሳልነግረው ቀረሁ።

እሱ ደግሞ እንዳለው መጣ። በገበያ ቀን ሱቁን ዘግቶ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ። ከሰሚዎቹ መሃል ቆሜ ሲያገኘኝ ምንም አልጠየቀኝም፤ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ጥሩምባዎቹ ዞሩ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ወደ ጆሮዬ፣ «ያንተ የትኛዋ ናት?» አለኝ።

«አጭሯ» አልኩት።

ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። አጭሯ ተራዋ ደርሶ «ፒፕ» ስትል ራሱን ነቀነቀ። «ሰማሁህ» አለኝ። ወደ ሱቅ ስንመለስ እጄን ይዞኝ ነበር፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እጄን የያዘበትን ቀን አላስታውስም።

አባ እድሪስ ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆነ፤ አባቴም። ሐሚድ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። የማንጎው ዛፍ የነበረበት ቦታ ዛሬ ቆርቆሮና ሲሚንቶ የምሸጥበት መጋዘኔ ነው። ያኔ አንድ ማይክ ለአንድ ከተማ ነበር፤ ሰው ግን ሞልቶ ሜዳው አልቻለውም። ዛሬ የእኔ ሳሎን ብቻውን የያኔውን በዓል የሚያስንቅ ድምፅ አለው።

ለዒድ ጥቂት ሲቀረው አብዱ ደወለ። ሚስቱ ፈቃድ አልተሰጣትም፣ ልጅቱም ፈተና አለባት። ወደፊት ኢንሻ አላህ አለ። እኔም ኢንሻ አላህ አልኩ። ልጄ ክፉ አይደለም፤ ቆይቶ የሂክማን ድምፅ በስልክ ቀድቶ ላከልኝ። በማጉያው ለቅቄው መሃል ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ድምፅዋ ከቴሌቪዥኑ ሥር ካለችው ስፒከር ብቻ መጣ፤ ሌሎቹ ዝም አሉ። ተበላሸ ብዬ ደወልኩለት።

«አልተበላሸም አባዬ» አለኝ። «በስልክ ነው የቀዳኋት፤ ማይኩ አንድ ነው።»

ድምፁን ከፍ አድርጌ ደግሜ ሰማሁት። «አያቴ፣ ዒድ ሙባረክ» ትላለች። ከኋላዋ ሳህን ይንኳኳል። አንዲት ሴት ትስቃለች፤ ሚስቱ ትሆናለች። ከዚያም ርቆ የአብዱ ድምፅ፣ ምን እንደሚል አይለይም። ዓይኔን ጨፍኜ የሱን ተራ ጠበቅሁ። ሲመጣም ራሴን ነቀነቅሁ።

ሲጠቃለል፦ ስፒከር አምስት፣ ሱብዉፈር አንድ፣ ወንበር አንድ።