የእታለም ስምንት ጉርድ ፎቶዎች

ብዕሬን ቀለም ስሞላ ያ እርጥብ ብረት የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው፣ ዛሬም እነዚያ ፎቶዎች ትዝ ይሉኛል።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ያን ክረምት ታላቅ እህቴ እታለም ነርስነት ልትማር ባሕር ማዶ ለመሄድ ስትሰናዳ፣ መካኒሳ ያለው ቤታችን ከእሷ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ከትምህርት ቤቷ የመጣው ደብዳቤ ስድስት ጉርድ ፎቶ ይዛ እንድትመጣ ያዝዝ ነበር፤ አባባ ደግሞ ፎቶ የጎደለው ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያው ይመለሳል ሲባል ሰምቶ ስምንት አስነሳት። ጭቃውን ተሻግረን ከተማ ስንሄድ አብሬያት ነበርኩና፣ ፎቶ አንሺው ፎቶዎቹን ከውሃ ሳፋ እያወጣ መስታወት ላይ ሲለጥፋቸው ቆሜ አየሁ።

መስከረም ጠባ። ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ከምሳ በኋላ፣ ጎረቤት ልትሰናበት በወጣችበት ፖስታውን ከሻንጣዋ አወጣሁት። ፎቶ ለሰው ሲሰጥ ጀርባው ላይ ማስታወሻ ይጻፍበታልና፣ ባዶውን መስጠት ነውር መሰለኝ። በቀለም መጻፍም ገና መጀመሬ ስለነበር ማን ይቻለኝ። በአባባ ብዕር በስምንቱም ጀርባ «እታለም እንዳትረሺኝ» እያልኩ፣ አንዱን ጽፌ ሌላውን በፊቱ እላዩ ላይ እየደፋሁ፣ ቆለልኳቸው።

እታለም ተመልሳ ቁልሉን ስታነሳው፣ ከታችኛው በቀር የሰባቱም ፊት ላይ ጽሕፈቴ ተገልብጦ ታትሞበታል።

«ምን አድርጌሽ ነው?» አለችኝ፣ ድምጿን ሳታነሳ።

አባባ ሰዓቱን አየ። «ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ፎቶ ቤቱ ዘግቷል። ነገ ደግሞ ጧት ነው የምትበሪው።»

«ይታጠቡ» አልኩ ከበሩ ጀርባ።

«ቀሚስ መሰላት እንዴ ይቺ?» አለች እማዬ።

«ፎቶ አንሺው ሲያጥባቸው አይቻለሁ።»

እታለም ትክ ብላ አየችኝና፣ በጣም የተበላሸውን መርጣ ውሃ ውስጥ ነከረችው። በጥጥ ስታብሰው ቀለሙ ክር ክር እየሆነ ወጣ፤ ግንባሯ ላይ ግን ፊደሎች ቀሩ። የቀሩትን አንድ በአንድ አጠበቻቸው፣ አንዱ ጉንጩ ላይ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ፣ አምስቱ ግን ጠሩ። ካልተነካው ጋር ስድስት። የመስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፈናቸው፣ ውጪ ደመናው ሲከብድ፣ እማዬ እስኪደርቁ ዝንብ ስታባርር ዋለች።

ደብዳቤዋ በጥር ደረሰ። «ያልታጠበውን ፎቶ የተቀበለኝ ሰውዬ ጀርባውን አይቶ ምን ይላል ሲለኝ፣ የታናሽ እህቴ ትእዛዝ ነው አልኩት» ይላል።

ግንባሩ ላይ የተጻፈበት ፎቶ ዛሬ ደብተሬ ውስጥ ነው። ያኔ ሳየው አንገቴን እደፋ ነበር፤ አሁን መስታወት ፊት ስይዘው ፊደሎቹ ተቃንተው «እንዳት» ይላሉ። ጽሕፈቴም አምሯል፣ አስተማሪያችን ሳይቀር ይመሰክርልኛል። ለእታለም ስጽፍ ግን ቀለሙ እስኪደርቅ እጄን አጣጥፌ እጠብቃለሁ።