የባለቤቴ የቅብብል ሕግ

ባለቤቴ ሃያ ዓመት ያህል የመን ውስጥ፣ በኤደን ከተማ፣ ዕቃ አድራሽ ነበር። መንገድ ሲዘጋ፣ ነዳጅ ሲጠፋ፣ ስልክ ሲቋረጥ ሌሎቹ ድርጅቶች ይዘጋሉ፤ የእሱ ግን ይሠራል። አንድ ሕግ አበጅቶለት ነበርና። ማንም ሾፌር ከሚታወቅበት ሰፈር አያልፍም። ከወደቡ የተነሣው እስከ ዳር ሰዓድ መግቢያ ያደርሳል፤ እዚያ የሰፈሩ ሰው ይረከበዋል። በየኑቅጣው፣ በየኬላው ማለት ነው፣ የቆሙት ወታደሮች የሚያውቁትን ፊት ያሳልፋሉ፤ የማያውቁትን ምን እንደሚያደርጉት እነሱ ብቻ ያውቃሉ። ተረካቢዎቹን የመረጠው ባለቤቴ ነው። ስማቸውን አልጻፈውም፤ ወረቀት ኬላ ላይ ከተገኘ ሰው ያስበላል። እሱን ሲያጡት የሚደውሉት ለእኔ ስለነበር ሁሉንም አውቃቸዋለሁ።

ሙዲሩ፣ አለቃው፣ ይህን ለእንግዶች «የድርጅታችን ዕቅድ» እያለ ያወራው ነበር።

አንድ ቀን ዓለም በሚባለው ኬላ በኩል ያለው ተረካቢ ዘገየ። ሙዲሩ ለባለቤቴ ደውሎ «አንተው እለፍና ጨርሰው፤ ደንበኛው እየጮኸ ነው» አለው። ባለቤቴም አለፈ። በማይታወቅበት ኑቅጣ ተኩሰው ገደሉት። የጫነው የስልክ ሽፋን ነበር። ይህችን መስመር ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

አርባው ሳይወጣ ሙዲሩ ቤቴ መጣ። እዚሁ ኤደን የተወለደ፣ የእኛው የሐበሻ ልጅ ነው። ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፌ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ነፍስ ይማር። ወላሂ እኛም ተጎድተናል።»

«ምናችሁ ተጎዳ?»

«የዳር ሰዓድ መንገድ ሊዘጋ ነው ይባላል። የተረካቢዎቹን ስም ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ የለም።»

«ዕቅዱ የእናንተ አልነበረም እንዴ?»

ከረባቱን አስተካከለ። «የበሽተኞች መድኃኒት አለብን። እግዜርን አይፈሩም?» አለኝ።

«አንተ ስትልከው ፈርተህ ነበር?»

ስም አልሰጠሁትም። ብሰጠው ነገ እነሱንም እለፉ ይላቸዋል።

«መድኃኒቱን ራስህ ይዘህ ዳር ሰዓድ መግቢያ ቁም። ሾፌር እንዳትልክ። ሰው ይመጣልሃል፤ ስሙን አትጠይቀውም» አልኩት።

«እኔ እኮ ሙዲር ነኝ።»

«እሱም ባል ነበር።»

በሦስተኛው ቀን መንገዱ ተዘጋ። ረፋዱ ላይ የዳር ሰዓዱ ተረካቢ ደወለልኝ።

«እማማ፣ ከረባታሙ ሙዲራችሁ ፀሐይ ላይ ተገትሯል። ልውጣለት ወይስ ትንሽ ይጠበስ?»

መድኃኒቱ በረዶ ውስጥ መሆኑን ጠየቅሁት። በበረዶ ሣጥን ነው አለኝ።

«እንግዲያው ይቁም።»

ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። መድኃኒቱ ባይኖር ግን እስኪመሽ ባቆምኩት ነበር። እኩለ ቀን ላይ መልሼ ደወልኩ።

«ውጣና ዕቃውን ተቀበለው» አልኩት። «እጁን ግን እንዳትጨብጠው።»