የበላይነህ የርክክብ ደብዳቤ

በላይነህ ዋና ቢሮው ሐዋሳ በሆነ አንድ የግል ኮሌጅ ዘጠኝ ዓመት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኖ ሠርቷል። ኮሌጁ በዲላ፣ በሶዶ፣ በይርጋለምና በሻሸመኔ ቅርንጫፎች አሉት፤ የተማሪው ውጤት የሚቀመጠው በየቅርንጫፉ ሰርቨር ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ሃርድ ዲስክ በቦርሳው ይዞ፣ በሚኒባስ እየተጨናነቀ፣ በየሳምንቱ አራቱንም ከተማ ዞሮ ውጤቱን ይገለብጥ ነበር። ወገቡን የታመመውም ያኔ ነው።

ኋላ አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጦ ይህን በራሱ የሚሠራ ስክሪፕት፣ ማለት አጭር ፕሮግራም፣ ጻፈ። ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ ስክሪፕቱ አራቱ ሰርቨሮች ውስጥ ተራ በተራ ይገባና አዲስ የተጨመረውን ፋይል ለቅሞ ሐዋሳ ያመጣል። መብራት ቢሄድ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል። ሥራው በሠመረ ቁጥር ግን በላይነህ ሥራ ፈት መሰለ። ዲኑ አቶ ኃይለጊዮርጊስ ባለፉ ቁጥር ወንበሩ ላይ ያገኙታል። ስክሪፕቱ ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ዓመት አስጠርተው፣ ሥራውን ማሽኑ ስለሚሠራው መደቡ መታጠፉን ነገሩት።

አልተከራከረም። ለዲኑ ሁለት ገጽ የርክክብ ደብዳቤ ጻፈ። ስክሪፕቱ የሚሠራው በእሱ ስም በተከፈተ አካውንት ስለሆነ፣ ወደ ሌላ ስም ሳይዛወር ከተዘጋ ቅጂው እንደሚቆም በግልጽ አሰፈረ። መዝገብ ቤት ማኅተም መትቶ ተቀበለው። በማግስቱ አካውንቱ ተዘጋ። ማንም ምንም አላስተዋለም።

ከስምንት ወር በኋላ ዲላ ላይ መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ ሰርቨሩ ተቃጠለ። በላይነህ ያን ጊዜ ሐዋሳ ታቦር ሰፈር ስልክ ይጠግን ነበር። ተጠርቶ ዋናው ቢሮ ሄዶ ቅጂው የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር ቢከፍተው የመጨረሻው ቅጂ እሱ ከወጣበት ቀን አያልፍም። ደብዳቤውን አስፈልጎ አስመጣ፤ ከነፖስታው ነበር፣ የከፈተው የለም።

አቶ ኃይለጊዮርጊስ አንብበው መልሰው አጣጠፉት። «ይህን በአፍህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አሉት።

«የጻፍኩት እኮ ለእርስዎ ነው።»

በሳምንቱ ዲላ ቅርንጫፍ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ወጣ፤ መረጃው የጠፋው በቀድሞው ባለሙያ ጥፋት ነው ይላል።

ፈትያ የምትባል የነርሲንግ ተመራቂ ማስታወቂያውን በስልኳ አንስታ፣ ሰው እያጠያየቀች እሱ ሱቅ ድረስ መጣች። አንድ ሆስፒታል ሊቀጥራት ትራንስክሪፕት እየጠበቀ ነው። «የመጨረሻ ዓመት ውጤታችንን ያጠፉት እርስዎ ነዎት አሉ» አለችው።

በላይነህ ስለ አካውንቱና ስለ ደብዳቤው ሊያስረዳት ሞከረ።

«እሺ፤ ለሆስፒታሉ ምን ልበል?»

ሱቁን ዘግቶ፣ ውጤቷን በወረቀት የያዘ መምህር ካለ ብሎ ሁለት ቀን አብሯት ሲደውል ዋለ። ውጤታቸው ከጠፋው ሰባት ትምህርቶች የአራቱ ተገኘ። የቀሩት የሦስቱ መምህራን ኮሌጁን ለቀዋል፤ ስልካቸውም አይሠራም። ሆስፒታሉ ሌላ ሰው ቀጠረ።

ፈትያ ዲላ ከመመለሷ በፊት መጥታ ስለ ድካሙ አመሰገነችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።