«አለሁ» ማለትን የተማርኩባቸው ምሽቶች

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ተቀምጬ ሳይሆን ጭስ ይዤ ቆሜ ነበር። የመንደራችን ልጆች እሳት ዳር ተኮልኩለው ስለ ጦጣና ስለ ቀበሮ ሲሰሙ፣ እኔ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ሰው ከሰው ገና በሚተያይበት ብርሃን፣ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ፣ የሚጨስ ኩበት ያለበትን ገል በሁለት እጄ ይዤ ከአያ ይበልጣል ኋላ እቆም ነበር። አያ ይበልጣል የእናቴ አጎት ናቸው። ከአምበር ከተማ አንድ ሰዓት በእግር በሚያስኬደው መንደራችን ንብ በማርባት የታወቁ ነበሩ፤ ጓሯቸው ውስጥ ዘጠኝ ቀፎዎች በእንጨት ባላ ላይ ተጋድመው ነበር።

ማር የሚቆረጠው አበባው ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ነው። አያ ይበልጣል ጋቢያቸውን አጥር ላይ ሰቅለው፣ አማትበው፣ ባዶ እጃቸውን ወደ ቀፎው ሲሰዱ ተረቱን ይጀምራሉ። ያኔ ለእኔ ብለው የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። ተረቱ እጃቸው እንዳይቸኩል የሚይዙበት ልጓም መሆኑ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ድምፃቸው ዝግ ሲል እጃቸውም ዝግ ይላል፤ ንቦቹ ክንዳቸው ላይ ወጥተው ይሄዱና መልሰው ይወርዳሉ፤ የማሩ እንጀራ ሳይፈርስ ይወጣል። እኔም ጭሱን በዚያው ልክ እሰጣለሁ። በየመሐሉ ዞር ሳይሉ «የሺ፣ አለሽ?» ይሉኛል። «አለሁ» እላለሁ። ተረቱ ይቀጥላል። መልስ ካዘገየሁ ግን ዝም ይላሉ፤ ሐሳቤ እስኪመለስ ይጠብቁኛል።

ከሁሉ የምወደው በረከት የምትባል እንግዳ አንድን ገበሬ ስትፈልግ የኖረችበትን ተረት ነበር። ሰውዬው ሲያርስ ሐሳቡ አውድማ ነው። ሲወቃ ደግሞ ገበያ ነው፤ ገበያ ሲወጣ ተመልሶ ማሳው ውስጥ ነው። በረከት ስጦታ ይዛ ማሳው ድረስ ትመጣና በሬዎቹን ትጠይቃለች። «ጌታችሁ የት ሄደ?» በሬዎቹም «እግሩ ይኸው፣ እርሱ ግን አውድማ ሄዷል» ይሏታል። አውድማ ስትደርስ መንሹ «አሁን ገበያ ወጣ» ይላታል። እንዲህ ሲተላለፉ ዘመን አለፈ። «በመጨረሻ ተገናኙ?» ብዬ ስጠይቅ አያ ይበልጣል መልሱን በየዓመቱ ይለውጡት ነበር። አንድ ዓመት ያሉኝ አይረሳኝም፦ ሰውዬውን እሾህ ወጋው። እሾሁን ሊያወጣ ቁጭ ባለበት፣ ለአንድ አፍታ ከእግሩ ሌላ የሚያስበው ነገር በጠፋበት ጊዜ፣ በረከት ደርሳ አገኘችው።

ዐሥር ዓመቴ ነበር ያ ነገር ሲደርስ። በማግስቱ ከእናቴ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ልሄድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የምሳፈርበትን መኪና፣ የማየውን ፎቅ፣ ተመልሼ ለጓደኞቼ የማወራውን ሳስብ ውያለሁ። ጥሩ የምትባለው የሦስት ዓመቷ እህቴ ሳናያት ተከትላን ጌሾው ሥር ተቀምጣለች። አያ ይበልጣል ትልቁን ቀፎ ከፍተው እጃቸው እስከ ክርናቸው ገብቷል።

«የሺ፣ አለሽ?»

«አለሁ» አልኩ። አልነበርኩም። ገሉን አዘንብዬው ኖሮ ፍሙ ተንሸራቶ አውራ ጣቴን ለበለበኝ። ጮኼ ወረወርኩትና ወደ ኋላ ስፈናጠር ከኋላዬ ያለውን ቀፎ ባላ በጀርባዬ ገፋሁት። ቀፎው ወደቀ።

ያን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ። እንደ ጎርፍ ነበር። እኔ ሮጥኩ፤ እህቴን እንኳ ሳላስባት ሮጥኩ። ከቤቱ ደጃፍ ደርሼ ዞር ስል ያየሁትን ግን እስካሁን ስተርከው ይገርመኛል። አያ ይበልጣል ራሳቸውና አንገታቸው ንብ ለብሶ ጥቁር ሆኗል። አልሮጡም። እጃቸውን አላወናጨፉም። ዝግ ብለው ወደ አጥሩ ሄዱ፣ ጋቢያቸውን አወረዱ፣ ዝግ ብለው ወደ ጌሾው ሄዱ፣ ሕፃኗን ከእግር እስከ ራሷ ጠቀለሏትና አፉ ድረስ ውኃ የሞላ እንስራ እንደ ተሸከመ ሰው እየተራመዱ መጡ። እየመጡም ለእርሷ ተረት ያወሩላት ነበር። «በሬውም አላት፣ እግሩ ይኸው...» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

እህቴን ሦስት ንብ ብቻ ነደፋት፤ አልቅሳ አልቅሳ እንቅልፍ ወሰዳት። እሳቸውን ግን እናቴ በኩራዝ ብርሃን መንደፊያውን በጥፍሯ ስትነቅልላቸው ሠላሳ ድረስ ቆጥራ መቁጠሩን ተወችው። ፊታቸው ተነፍቶ ዓይናቸው ጠፋ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ሲል ጎረቤት ተሰበሰበ፤ የንስሐ አባታቸው ጠበል ይዘው መጡ። እኔ ከበሩ ኋላ ተለጥፌ «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» እል ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፤ ከመጠየቅ ይልቅ አለመጠየቁ ከፋብኝ።

በሁለተኛው ቀን ትንፋሻቸው ተስተካከለ። ገብቼ መደቡ ሥር ተንበረከክሁ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አያ።»

«ማን ነሽ?» ዓይናቸው ገና አልተገለጠም።

«የሺ ነኝ።»

«ያን ምሽት አለሁ ብለሽኝ ነበርኮ።»

«ውሸቴን ነው። ሐሳቤ ማርቆስ ነበር።»

ያበጠ ከንፈራቸውን በእጃቸው ይዘው «እና ማርቆስ እንዴት ነበረች?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ፣ መች አየኋትና!» ብዬ ለቅሶዬን ለቀቅሁት። እሳቸው ግን ይስቁ ነበር፤ እያመማቸው ይስቁ ነበር። ሳቃቸው ሲበርድ ቅጣቴን ነገሩኝ። ከእንግዲህ ውኃ ስቀዳ ጀሪካኑ እስኪሞላ ድረስ የውኃውን ድምፅ ብቻ ልሰማ። «ሐሳብሽ ሲሄድ አትቆጪው። ጥሪውና ይምጣ» አሉኝ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ከፓምፑ ሥር ጀሪካኔን ደቅኜ ጆሮዬን ሰጠሁ። የውኃው ድምፅ መጀመሪያ ወፍራም ነው፤ ከፍ እያለ ሲመጣ ይቀጥናል። ሲሶው ሳይደርስ ጠፋሁ። ከሐሳቤ ስመለስ ጀሪካኑ ሞልቶ እየፈሰሰ፣ ወረፋ የያዙት ሴቶች «ምነው አንቺ ልጅ!» እያሉ ይጮኹብኝ ነበር። ስንት ሳምንት እንደ ፈጀብኝ አላስታውስም፤ አንድ ጀሪካን ከታች እስከ አፉ ሙሉውን የሰማሁበትን ጠዋት ግን አስታውሳለሁ። እየሮጥኩ ሄጄ ለአያ ይበልጣል ስነግራቸው የፈተና ውጤት እንዳመጣ ልጅ ነበር ደስ ያላቸው።

ከዚያ አደግሁና ረሳሁት። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ ያቺን በሐሳቤ ቀድሜ የገባሁባትን ከተማ ሳላያት ስንት ዓመት እንደ ኖርኩባት ሳስበው ያሳፍረኛል። ክፍል ውስጥ ሆኜ የማርመውን ፈተና አስባለሁ፤ ፈተና ሳርም የቤቱን፤ ቤት ስገባ ስልኬን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የስድስት ዓመቷ ልጄ አንድ ነገር ስትነግረኝ «እሺ» አልኳት። ደግማ ነገረችኝ፤ «እሺ» አልኳት። ሦስተኛ ላይ አገጬን በሁለት እጇ ይዛ ፊቴን ወደ ራሷ አዞረችው። «እማዬ፣ ጥርሴ ወለቀኮ» አለች። አፏ ውስጥ ደም ነበር፤ ጥርሷን በመዳፏ ይዛ እስካያት ትጠብቀኝ ኖሯል።

ከዚያን ቀን ወዲህ እንደ ገና ከሀ ጀመርኩ። የተለየ ነገር አላደረግሁም። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ የውኃውን ቅዝቃዜ እስኪሰማኝ እቆያለሁ። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ከበራችን እስከ አስፋልቱ ድረስ ስልኬን አላወጣም፤ እግሬ ድንጋዩን ሲረግጥ እሰማለሁ። ልጄ ስታወራ የያዝኩትን አስቀምጣለሁ። አንዳንድ ቀን ይሆንልኛል፤ ብዙውን ቀን አይሆንልኝም። አለመሆኑ ሲያናድደኝ ከረመና ባለፈው ጥር ወደ አያ ይበልጣል ሄድኩ።

አርጅተዋል፤ ቀፎዎቹን አሁን የምትይዘው እህቴ ጥሩ ናት። ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ሁሉን ነገርኳቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በሆዴ የያዝኩትንም ጥያቄ አወጣሁት።

«አያ፣ የእርስዎ ሐሳብ ግን እንዴት ነው የማይሄደው?»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «የኔ? የኔማ አመለኛ ከብት ነው ልጄ፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ማሳ ውስጥ ነው የሚውል። አሁን አንቺ ስታወሪ እንኳ ሁለቴ ሄጄ መጣሁ።»

«የት ሄደው?»

«አንዴ የታመመች ጊደሬ ጋ። አንዴ ደግሞ ጥሩ ለምሳ ምን ሠርታ ይሆን ብዬ።» ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «መሄዱን ማስቀረት እኔም አልቻልኩበት። የለመድኩት መመለሱን ነው።»

እሳቸውን ዕድሜዬን ሙሉ ሳደንቅ የኖርኩት ከሌላ ጭቃ የተሠሩ መስለውኝ ነበር። ያን ምሽት በንብ ተሸፍነው የተራመዱት ፍርሃት የማያውቁ፣ ልባቸው የማይባክን ሰው ስለሆኑ ይመስለኝ ነበር። ለካስ በእያንዳንዱ እርምጃ እንደ እኔ ሊሮጡ እየቃጣቸው፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ሕፃኗ ሲመለሱ ነው የመጡት። ይህን ካወቅሁ ወዲህ አድናቆቴ እጥፍ ሆነ።

ማታ ወደ ከተማ ስመለስ ሐሳቤ ከመኪናው ቀድሞ ቤት ገባና የልጄን እራት ይሠራ ጀመር። አልተቆጣሁትም። በመስኮቱ በኩል የታጨደ የጤፍ ማሳ ያልፍ ነበር፤ ቃርሚያው ላይ የመጨረሻዋ ፀሐይ አርፋበታለች። ጠራሁትና መጣ፤ አብረን አየነው።