ከድንኳኑ ሥር ያለፈው ቧንቧ

ተድላ ካርቱም ውስጥ ሸብቷል። የሚኖረው ሳጃና ሰፈር ነው፤ ዕድሜውን የፈጀው ግን በሰው ኩባንያ፣ አስፋልት ሳይቆረጥ ከሥሩ ቧንቧ የሚያሳልፍ መሰርሰሪያ ሲነዳ ነው። በሱዳን አብዮት ሰሞን አለቆቹ ጥለው ሲሄዱ፣ እሱና መካኒኩ ጃፋር ያላቸውን አሟጠው አሮጌውን መሰርሰሪያ ገዙ። ሥራ ግን አልተገኘም። በሄዱበት ሁሉ «ከዚህ በፊት ለማን ሠራችሁ?» ይባላሉ። በራሳቸው ስም የሠሩት ስለሌለ የሚያሠራቸው ጠፋ።

መጀመሪያ እሺ ያላቸው የጀብራ ሰፈር ለጅና ነው፤ የወጣቶቹ ኮሚቴ። እነዚህ ልጆች በአብዮቱ ጊዜ የመንገዱን ጡብ ነቅለው ወታደር እንዳያልፍ ዘግተውበት ነበር። ለውጡ ሲመጣ በገዛ እጃቸው መልሰው አነጠፉት። አሁን ለማዶው ሰፈር ውኃ ይሻገር ሲባል መንገዱ እንደገና እንዲፈርስ አልወደዱም።

«ሞክሩ» አሏቸው። «ካቃታችሁ ግን ቆፋሪ እንጠራለን።»

ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ጉድጓድ ተቆፈረ። የመሰርሰሪያው ዘንግ ከወዲህኛው ተነሥቶ ከመሬት በታች ጉዞ ጀመረ። ግማሽ መንገድ ሲደርስ ከማዶ የሴቶች ዋይታ ተሰማ። እዚያ የሚኖሩት አሮጊት የሐጃ ሉጥፊያ ወንድም ሞተው ነበር። ወዲያው መንገዱ ላይ ድንኳን ተተከለ፤ ወንበር ተደረደረ።

ተድላ ሞተሩን አጠፋ።

«ምን ሆንክ?» አለው ጃፋር።

«ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ሞተር አላስጮህም።»

«አንተ ተድላ፣ ይሄ እኮ ዋልካ ነው። ዘንጉ ካደረበት አንቆ ይይዘዋል። ሌላ ዘንግ ደግሞ የለንም።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅህማ ጥሩ። ነገ አብረን ሥራ ፈላጊ እንሆናለን፣ ኢንሻላህ።»

ተድላ እጁን ታጥቦ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ክርስቲያን ቢሆንም እንደ ሰፈሩ ልማድ መዳፉን ዘርግቶ ሐዘንተኞቹን አጽናና፤ ከዚያ እንዳገሩ ለቅሶ ደራሽ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ዓይኑ ግን ከምንጣፉ አልተነሣም። ዘንጉ የቆመው እዚያው፣ ከእግሩ ሥር ነበር።

በማግስቱም መጥቶ ተቀመጠ። ከኦምዱርማን ሳይቀር እንግዳ በአውቶቡስ ይጎርፋል። ውኃ የሚያመላልሰው የአህያ ጋሪ ግን ለሁሉ አልደርስ አለ። ሐጃ ሉጥፊያ ከግቢያቸው ብቅ አሉ።

«ያ ሐበሻ የታለ?»

ተድላ ተነሣ። «እግዜር ያጽናዎት፣ ሐጃ።»

«አሚን። ሞተርህ ተበላሸ እንዴ?»

«የለም፣ ሐዘኑን እንዳልረብሽ ብዬ ነው።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩት። «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ለሶላት በምን ይታጠባል? ሻዩስ በምን ይፈላል? ወንድሜ እንደሆነ ከእንግዲህ ጩኸት አይሰማ። ያላ፣ ሥራህን ሥራ።»

ድንኳኑ ውስጥ አንዳንዱ ፈገግ አለ።

ሞተሩ ተነሣ፤ ዘንጉ ግን አልዞር አለ። ተድላ ወደ ፊት አላስገደደውም። ጭቃ ውኃ እየጨመረ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ፊት እያለ አባበለው። ሽማግሌዎቹ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ መሬት መሬቱን ያያሉ። ወንበሮቹ በስሱ ተንቀጠቀጡ። ከቆይታ በኋላ ጭቃ የለበሰው የዘንጉ ጫፍ በማዶው ጉድጓድ ብቅ አለ።

ቧንቧው ተስቦ ገባ፤ ተቀጠለ። ውኃው መጀመሪያ ደፍርሶ፣ ኋላ ጠርቶ ወረደ። ለከሰዓት በኋላው ሶላት ወንዶቹ ተሰልፈው ታጠቡ። ከኦምዱርማን የመጡ አንድ ነጋዴ እግራቸውን እየታጠቡ ተድላን ጠሩት።

«እኔ ከላዩ ተቀምጬ ነው ቧንቧውን ያሳለፋችሁት?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«እኛም ገበያው መሐል ለቧንቧ መንገድ እንዳንቆርጥ ተከልክለን ቁጭ ብለናል። ሐዘኑ ይለፍና ና።»

ተድላ «ለማን ሠራችሁ?» የሚለውን የለመደውን ጥያቄ ጠበቀ። ሰውየው ግን ጫማቸውን አጥልቀው ወደ ሶላቱ ሄዱ።

ጃፋር ጠጋ አለው። «እንግዲህ ሥራ ስንፈልግ ለቅሶ ለቅሶውን ልንዞር ነው?»

«ዝም በል፣ ሰው ይሰማሃል» አለና ተድላ እጁን ታጥቦ ወደ ጥጉ ተመለሰ።