ቨርና ድልድዩን ተሻግራም አበሏን አልለቀቀችም

ቨርናን ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚሉኝ አውራ ጣቶቿ ናቸው። ኦሃዮ ወንዝ ዳር በነበረው የሸክላ ፋብሪካችን ሃያ ሁለት ዓመት ስኒ ላይ መያዣ ጆሮ ስትለጥፍ በመኖሯ ጣቶቿ ተጠፍጥፈው ቀርተው ነበር።

ፋብሪካው ሲዘጋ ለሁላችንም የሥራ አጥ አበል ተፈቀደልን። እሷ ግን የቤት ኪራይ ከበዳትና ድልድዩን ተሻግራ፣ ሌላ ግዛት በሆነችው በዌስት ቨርጂኒያ፣ ወንድሟ ቤት ገባች። እኛ የሸክላ ሰዎች ደግሞ ከድልድዩ ወዲያ የኖረ አበሉ ይቀርበታል ብለን እናምን ነበር። ማን እንደነገረን እንጃ። የተሻገረ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ኦሃዮ የቀረውን የሥራ ባልደረባችንን የድዋይትን የፖስታ ሳጥን አድራሻዬ ነው ይል ነበር።

«አንቺም ግቢ፣ አንድ ሰው ቢጨመር ሳጥኑ አይፈነዳ» አላት ድዋይት።

«ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ አልተደበቅኩም። አሁን ሳጥንህ ውስጥ ልደበቅ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ያቋርጡብሻል» አልኳት እኔ።

«ያቋርጡዋ። የሠራሁት ኦሃዮ ነው፤ ወንዙ አጥቦ አልወሰደው።»

እውነተኛ አድራሻዋን ጻፈች። እንዳልኩትም ተቋረጠባት። ይግባኝ አለች። እስከዚያው በአዲሱ አገሯ ሥራ ፈላጊ ሆና ተመዘገበች፤ በየሳምንቱ እየዞረች ሥራ ትጠይቃለች፣ የጠየቀችበትን ደብተር ላይ ታሰፍራለች። አስከሬን የሚያሰናዱት ሚስተር ፒዩ ዘንድ እንኳ ሄዳ ነበር፤ «እኛ ዘንድ በሕይወት ያለ ሰው ብዙም አይፈለግ» ብለው መለሷት። እሱንም እንዳለ ጻፈችው።

ችሎቱ በስልክ ነበር። በወንድሟ ወጥ ቤት አጠገቧ ተቀምጫለሁ።

«ለምን ግዛታችንን ጥለው ሄዱ?» አሏት ዳኛው።

«ጌታዬ፣ ጥሎ የሄደው ሥራው ነው። እኔ ድልድይ ነው የተሻገርኩት።»

«እዚያ ሥራ ቢያገኙ ይገባሉ?»

«ነገ ጠዋት።»

ደብተሩን ታነብላቸው ጀመር። ሚስተር ፒዩ ጋ ስትደርስ ዳኛው፣ ሳቃቸውን ለመደበቅ መሰለኝ፣ ለረጅም ጊዜ አሳሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ውሳኔው ወንድሟ ቤት መጣ፦ ሥራ እየፈለገች እስካለች ድረስ ግዛት መቀየሯ አበሏን አያስቀርባትም፤ የምትከፍላትም ኦሃዮ ናት። ቨርና ፈገግ እንኳ አላለችም። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና፣

«ያንቺስ ደብዳቤ የማን ሳጥን ውስጥ ነው?» አለችኝ።

አፈርኩ። በማግስቱ የራሴን አድራሻ ጽፌ ላክሁ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ ድዋይት ሳጥኑ ውስጥ የራሱን ደብዳቤ ብቻ ያገኝ ጀመር። ቅር ብሎት ነበር መሰለኝ፤ ደብዳቤ ልንወስድ ስንመጣ ወሬ ይዘንለት እንመጣ ነበርና።